የወር አበባ፣ ጸሎትና የቁልቢ ስለት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩትን ጃንጥላ ታኅሣሥ 19 ላስገባ ነበር። ቀኑ ከወር አበባዬ ጋር ሊገጥምብኝ ነው። እናቴ «የሚወጣው ቆሻሻ ደም ነው፤ ጸሎትም አታድርሺ» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አትቀየሚያት። እሷም ሲባል የሰማችውን ነው የነገረችሽ። ግን ቆሻሻ ደም የሚባል የለም። በደም ሥርሽ የሚዞረው ያው ደም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በየወሩ የማህፀንሽን የውስጥ ሽፋን ያወፍረዋል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ያለሰልሰዋል፣ ፅንስ እንዲቀበል ያሰናዳዋል። ፅንስ ከመጣ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ካልመጣ የሁለቱም ሆርሞኖች መጠን ይወርዳል። ሽፋኑን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ሽፋኑም እየተላቀቀ ከደም ጋር ይወጣል። ከሥር የሚቀረው ስስ ንጣፍ ለሚቀጥለው ወር አዲሱን ያበቅላል። ያ የሚያስጨንቅሽ ቁርጠትም ማህፀን ይህን ለማስወጣት ሲኮማተር የሚመጣ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ብዙ ሴቶች ላይ በአንድ ወር የሚፈሰው ደም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ለልጅ የተነጠፈ መኝታ እንዴት ቆሻሻ ይባላል? አባቶች ልማደ አንስት፣ የሴቶች ልማድ፣ አሉት፤ ሕዝቡ ደግሞ አበባ አለው። ዘፍጥረት 18፥11ን አንብቢ። ይስሐቅ ተአምር የሆነው ይህ ልማድ ከሣራ ከተቋረጠ በኋላ በመወለዱ ነው።

«ታዲያ ለምን ቤተ ክርስቲያን አንገባም?» ትዪኝ ይሆናል። የክርስቶስ ደም በሚቀርብበት ስፍራ የሰው ደም እንዳይፈስ የተጠበቀ ሥርዓት ነው። ወንዱም ቁስሉ እየደማ አይቆርብም። ሕልመ ሌሊት (በእንቅልፍ ዘር መፍሰስ) ያገኘውም የዚያን ቀን አይገባም። ሥርዓቱን እጠብቃለሁ፣ አስተምረዋለሁም። እህቶቼ ግን እግዚአብሔር የተጸየፋቸው መስሏቸው ጸሎት ሲያቋርጡ ልቤ ያዝናል። በየወሩ 7 ቀን ዝም ካልሽ በዓመት ከ80 ቀን በላይ ነው! ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ፣ ዳዊትሽንም። ጾሙም አይቋረጥም።

ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንሽ ምስርና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት፤ ለደም ማነስ ይረዳል። ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጪ። ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ። «ጠበል ይበቃኛል» አትበዪ፤ ጠበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ። ማርቆስ 5 ላይ ያለችው 12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ብዙ ሐኪሞች ጋ ሄዳ ነበር፤ ጌታም በዚህ አልወቀሳትም። ልብሱን ስትነካም «አረከስሽኝ» አላላትም፤ «ልጄ» ነው ያላት።

ቁልቢን አትቅሪ። ከእናትሽ ጋር የደንገጎን አቀበት ውጡ። ጃንጥላውን እሷ ታስገባልሽ፤ ስለቱ ያንቺው ነው። አንቺ ከደጀ ሰላም ቆመሽ ቅዳሴውን ተከታተይ። የዚያን ቀን ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚቆመው ውጭ ነው። ሌላ የሚከብድሽ ነገር ካለ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ አትፈሪ።