በሩን ሳታዩ «ገነት» አትበሉ

ልጆቼ፣ ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ ወጣቶች የጻፋችሁትን ስታሳዩኝ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ የልጆች ተረት ውስጥ የአትክልት ስፍራ ብቅ ሲል «ኤደን ገነት ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ኧረ ቀስ በሉ! መጀመሪያ በሩን እዩት።

«አሊስ በአስደናቂው ምድር» የተባለውን ታሪክ ውሰዱ። ደራሲው ሉዊስ ካሮል ኦክስፎርድ ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1862 ለኮሌጁ ዲን (ኃላፊ) ልጆች ጀልባ ላይ አወራላቸው፤ መጽሐፉ በ1865 ወጣ። አሊስ ያገኘችው ወደ አትክልት ስፍራው የሚያስገባ በር ቁመቱ 15 ኢንች ነው፤ አርባ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ተንበርክካ ስታይ አበባው ይታያታል፣ ጭንቅላቷ ግን አይገባም። የሚያሳንስ መጠጥ ጠጥታ ስታንስ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። የሚያሳድግ ኬክ በልታ ስታድግ ቁልፉ እጇ ይገባል፣ በሩ ግን ይጠባታል። «ገና ልጅ ነሽ» እና «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ» በአንድ ቀን የተባለች ልጅ ይህ አይጠፋትም።

በስንት መከራ ስትገባስ? አትክልተኞቹ፣ ያውም የመጫወቻ ካርታዎች፣ ነጭ ጽጌረዳ ቀይ ቀለም ይቀባሉ። ቀይ መትከል ሲገባቸው ነጭ ተክለዋል፤ ንግሥቲቱ ካወቀች አንገታቸው ይቀላል። ሁለት ቁጥር «ቀለም አትርጭብኝ» ሲል፣ አምስት ቁጥር «ሰባት ክርኔን ገፍቶኝ ነው» ይላል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ጭቅጭቅ ነው። እንግሊዝ የመስታወት ግብርን በ1845 ካነሳች ወዲህ ችግኝ የሚያድግበት የመስታወት ቤት እየረከሰ ሄዶ ነበር። የሀብታም ግቢ እዚያ ባደገ ችግኝ በየወቅቱ ይለወጣል፤ የሚተክለውና የሚነቅለው ግን ሌላ ሰው ነው። ካሮል ያንን ሰው ከነፍርሃቱ አሳየን ብዬ አምናለሁ።

«ገነት» ማለት ካማራችሁ የኦስካር ዋይልድን የራስ ወዳዱን ግዙፍ ሰው ተረት ያዙ፤ 1888 ነው። ግዙፉ ግንብ ገንብቶ ልጆቹን ሲያባርር ጸደይ ግቢውን ይሸሻል። ልጆቹ በግንቡ ቀዳዳ ሾልከው ሲገቡ ዛፎቹ ያብባሉ፤ እሱም ግንቡን በመጥረቢያ ያፈርሳል። መጨረሻ ላይ እጁ የቆሰለው ሕፃን መጥቶ ወደ ራሱ አትክልት ስፍራ ይጠራዋል፤ ስሙንም ገነት ይለዋል። እዚህ ጋ ደራሲው ራሱ ስላለው እናንተም በሉ።

ደግሞ «ሚስጥራዊው የአትክልት ስፍራ»ን ከእነዚህ ጋር አትደባልቁብኝ። መጽሐፉ የወጣው በ1911 ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ከሞተች 10 ዓመት አልፏታል። እሱን ሌላ ጊዜ ለብቻው እናወጋበታለን።