መልስ፦ የብራዚሉ ሉላ ከሰራተኛ ማህበር ወጥቶ ፕሬዚዳንት እስኪሆን መሀል ላይ ያለው 22 ዓመት

ስለ ሉላ በምታቀርበው ወረቀት ላይ ከማህበር መሪነቱ እስከ ፕሬዚዳንትነቱ፣ ከ1980 እስከ 2002፣ ምን ሲሰራ ከረመ ብለህ ጠይቀኸኛል። ሲሸነፍ ነው የከረመው። በ1982 ለሳኦ ፓውሎ ግዛት ገዥነት ተወዳድሮ ወደቀ፣ በ1986 ፓርላማ ገባ፣ ከዛ በ1989 በ1994 በ1998 ሶስቴ ለፕሬዚዳንትነት ቀርቦ ሶስቴም ተሸነፈ፣ በአራተኛው በ2002 አሸነፈ። በቃ ክፍተቱ ይሄ ነው።

ደግሞ ወረቀትህ ላይ "ማህበሩን ትቶ ፓርቲ አቋቋመ" ያልከውን አርመው። ፓርቲው፣ የሰራተኞች ፓርቲ ማለት ነው፣ የተመሰረተው የካቲት 1980 ላይ ነው፣ ያኔ ገና የብረታብረት ሰራተኞች ማህበር መሪ ነበር፣ ሚያዝያ ላይ በሰራተኞቹ አድማ ምክንያት ወታደራዊው መንግስት ከመሪነት አንስቶ አንድ ወር ያህል አሰረው። እና ትቶ አይደለም የወጣው፣ አስወጥተውት ነው።

የምታቀርበው ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ሰራተኞች ከሆነማ ከምርጫው ይልቅ የቶርኖ ሰራተኛ እንደነበረና በ1964 የግራ እጁን ትንሿን ጣት ማሽን እንደቆረጠው ንገራቸው፣ ቶርኖ ቤት የዋለ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ ወንድሜ፣ ከላይ የጻፍኩት ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እኔ ደሴ ላይ እንዲህ አይነት ወረቀት ሳቀርብ ግማሹን ወደ እኛ ቀይሬ ግማሹን ረስቼው አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ሰውዬው ሳይመረጥ ነው እንዴ የተሾመው?" ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። የሉላ ምርጫ ጥቅምት 2002፣ ሹመቱ ጥር 1 ቀን 2003 ነው፣ በእኛ ግን ሁለቱም 1995 ውስጥ ነው የሚወድቁት። አንዱን ምረጥና እስከመጨረሻው በሱ ሂድ።