ጠበቃው የጀብዱ ታሪክ ጸሐፊ

ጥያቄ፦ «ትሬዠር አይላንድ» የተባለውን የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ለልጆቼ ሳነብላቸው፣ ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ጠበቃ እንደ ነበር በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። በእርግጥ ጥብቅና ቆሞ ያውቃል? ሕግ መማሩስ ለድርሰቱ የጠቀመው ነገር አለ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1875 በስኮትላንድ የጥብቅና ፈቃድ አግኝቶ፣ በኤድንብራ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት በር ላይ «ጠበቃ» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፎለት ነበር፤ ሆኖም የያዛቸው ጉዳዮች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ በሙያው ሠራ ለማለት አያስደፍርም። ሕግ ያጠናውም ወዶ ሳይሆን ከአባቱ ጋር ለመስማማት ሲል ነው። ቤተሰቡ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻዎች ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩ የመብራት ማማዎችን በመሥራት የታወቁ መሐንዲሶች ነበሩና፣ በ1871 ምህንድስናውን ትቶ ጸሐፊ መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር አባቱ አዘኑ፤ በኋላ ግን መተዳደሪያ የሚሆነው ሙያ ይኑረው ብለው በሕግ ትምህርት ተስማሙ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ በእኔ እምነት ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም። «ትሬዠር አይላንድ» የተጀመረው በ1881 በብሬማር መንደር፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎ ስቲቨንሰን ከእንጀራ ልጁ ከሎይድ ጋር የአንድ ደሴት ካርታ እየሳሉ ቀለም ሲቀቡ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተራኪው ጂም ያየውንና የሰማውን ብቻ በቅደም ተከተል ይናገራል፤ እሱ በሌለበት የተፈጸመው ሲመጣ ግን ከ16ኛው እስከ 18ኛው ምዕራፍ ድረስ ቃሉን የሚቀበለው በቦታው የነበረው ዶክተር ሊቭሲ ነው። ምስክር በዓይኑ ያላየውን አይመሰክርም የሚለውን ደንብ የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ይመስለኛል፤ ልጆችም ታሪኩን እንደ እውነት የሚያምኑት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በ1886 በታተመው «ኪድናፕድ» እና ተከታዩ በሆነው «ካትሪዮና» ላይ ነው። የሁለቱም መነሻ በ1752 በስኮትላንድ ደጋማ አገር የተፈጸመ እውነተኛ ግድያ ነው። ሟቹ የካምቤል ጎሣ ሰው ነበር፤ በግብረ አበርነት የተከሰሰው ጄምስ ስቱዋርት የቀረበበትን ችሎት የመሩት የዚያው ጎሣ አለቃ ሲሆኑ፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ከሚወስኑት 15 የጁሪ አባላት 11ዱ ካምቤሎች ነበሩ። ጄምስ በስቅላት ተቀጣ። ስቲቨንሰን ይህን የፍርድ መጓደል ለወጣት አንባቢዎች ሳያለሳልስ አቅርቧል፤ እኔም ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጬ የማከብረው ይህንን ነው።

ጤናው ደካማ ስለ ነበር የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የሳሞአ ደሴቶች ሲሆን፣ በ1894 በ44 ዓመቱ ዐርፎ እዚያው በቫኤያ ተራራ ላይ ተቀበረ። በ1891 ከዚያው ሆኖ ያዘጋጀው አንድ ሰነድ አለ። አኒ አይድ የተባለች ልጅ በምዕራባውያን የገና ዕለት በመወለዷ የራሷ የልደት በዓል እንደሌላት ሲሰማ፣ ኖቬምበር 13 የሚውለውን የራሱን ልደት በስጦታ ውል አስተላለፈላት። በውሉ ላይ ራሱን የስኮትላንድ ጠበቃ ብሎ ጠርቶ፣ ግዴታዎቹን ካልፈጸመች መብቱ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደሚተላለፍ ደንግጎ ፈረመ። በምስክርነት ከፈረሙት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ከአሥር ዓመት በፊት የደሴቱን ካርታ አብሮት ቀለም የቀባው ሎይድ ነበር።