እህትዎ የምታውቀው የድሮውን ልክዎን ነው

ከጎንደር የደረሰን ደብዳቤ አጥሮ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው ማራኪ አካባቢ ነው። ታናሽ እህቴ ለሥራ ቤይሩት ሄዳ ዘጠኝ ዓመት ከቆየች በኋላ፣ ጥምቀትን አብረን ለማሳለፍ ባለፈው ኅዳር መጣች። በሻንጣ ሙሉ ልብስ አምጥታልኝ ነበር፤ አንዱም አልሆነኝም። ‹ግድ የለም፣ ከዚሁ እንገዛለን› ብላ ፒያሳ ይዛኝ ወጣች። በሦስተኛው ሱቅ መለኪያ ክፍል ገብቼ ከዚፑ ጋር ስታገል፣ ሻጩና ሌሎች ገዢዎች ባሉበት ድምጿን ከፍ አድርጋ ‹ለእታለም የሚሆን ከዚህ ሰፋ ያለ የላችሁም?› አለች። ሁሉም ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። ልብሱን ጥዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት እየኖርን ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። እውነቱን ለመናገር ልብስ ቤት መግባት ካቆምሁ ቆይቻለሁ፤ የምለብሰውን ሰው ልኬ ነው የማስገዛው። በኢሞ ስንገናኝም ስልኩን ወደ እናታችን አልጋ ነበር የማዞረው። እናታችን በስትሮክ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ቆይታ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ለጥምቀት ቀነስ ብዬ እንድገኝ በዚህ ጾም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላሁ ነው፤ የምደርስ ግን አይመስለኝም። እህቴ እንዳዋረደችኝ እንዴት ላስረዳት? ወይስ ጥምቀትን ቤቴ ልዋል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

አስቀድሜ ስለ ሱቁ ልናገር። ሰው በጠባብ መለኪያ ክፍል ውስጥ ልብሱን አውልቆ ከዚፕ ጋር ሲታገል ከመጋረጃው ማዶ ስለ ሰውነቱ ስፋት ጮክ ተብሎ ቢነገር ያፍራል፤ ማፈሩም አይፈረድበትም። እህትዎ ሻጩን ጠጋ ብላ በዝግታ መጠየቅ ትችል ነበር። ጥምቀትን በሚመለከትም መልሴ አጭር ነው፤ ቤት አይዋሉ። ጎንደር ላይ ተቀምጦ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ እልልታውን ከጓዳ ሆኖ መስማት፣ ባላጠፉት ጥፋት ራስን መቅጣት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የአበው አባባል እንኳ ጥፋተኛ ያደረገው ቀሚሱን እንጂ ለባሿን አይደለም።

መለኪያ ክፍል ውስጥ የደረሰብዎትን ነገር በእርስዎ ላይ ብቻ የሚታይ ድክመት አድርገው ስለጻፉት፣ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ባርባራ ፍሬድሪክሰንና የሥራ ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ሴቶችና ወንዶች አንድ በአንድ ወደ ልብስ መለኪያ ክፍል እየገቡ ከፊሎቹ ሹራብ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የዋና ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ፤ ልብሱን እንደለበሱም የሒሳብ ጥያቄዎች ቀረቡላቸው። በክፍሉ ውስጥ ከመስታወት በቀር የሚያያቸው አልነበረም። ያም ሆኖ የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት ሲያመጡ፣ በወንዶቹ መካከል ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውነቷ ሲመዘን እየሰማች ስለምታድግ የሌላውን ሰው ዓይን ተበድራ ራሷን መመልከት ትለምዳለች፤ ይህም ተመልካች ብቻዋን በሆነችበት ክፍል እንኳ ሐሳቧን ይሻማታል የሚል ነው። ስለዚህ እህትዎ አንዲት ቃል ከመናገሯ በፊት እርስዎ መለኪያ ክፍል ውስጥ ብቻዎን አልነበሩም፤ ያ ተመልካች ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ እህትዎ ያለችው ነገርም እርሱ ሲናገረው የቆየውን ድምፅ ሰጥቶት ነው እንዲህ የጎዳዎት።

ሁሉም ዞሮ አይቶዎት እንደሆነ እርስዎም እርግጠኛ አይመስሉም። በ2000 እ.ኤ.አ. ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል የገቡ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሰው ሥዕሉን ያየባቸው መስሏቸው ነበር፤ በእርግጥ ያዩት ግን ከሩብ አይበልጡም። ከጥምቀት በፊት ፒያሳ የወጣ ገዢ የራሱን ቀሚስ፣ የራሱን ልጅና የራሱን ኪስ እያሰበ ነው የሚዞረው። በልብሱ አንገት ላይ ያለውን «ላርጅ» ወይም «ኤክስ ኤል» የሚል ጽሑፍም ከሚገባው በላይ አይመኑት። አሜሪካ በ1939 እና በ1940 እ.ኤ.አ. 15,000 ያህል ሴቶችን አስለክታ በ1958 የሴቶች ልብስ መጠን መመሪያ ብታወጣም፣ መመሪያው በ1983 ተሽሯል፤ አምራቾችም መጠኑን በየራሳቸው ይወስናሉ። ከቱርክ የመጣው ላርጅ ከቻይናው ላርጅ ጋር አለመግጠሙን ልብስ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የሱቁ ታሪክ ሳይሆን፣ በመሐል ጣል አድርገውት ያለፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በኢሞ ስትገናኙ ስልኩን ወደ እናታችሁ አልጋ ያዞሩ እንደነበር ጽፈዋል፤ ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ግን አልጻፉም። ምናልባት እናት ልጇን እንድታይ፣ ልጅም እናቷን እንድታይ ብለው ይሆናል፤ ይህ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን ያስቀመጡት ልብስ ቤት መግባት ማቆምዎንና ልብስ በሰው ማስገዛትዎን ከተናገሩበት ቀጥሎ ነው፤ እኔም ሦስቱን አንድ ላይ ለማንበብ እገደዳለሁ። እናት ካረፈች በኋላስ፣ አልጋው ባዶ ሲሆን፣ ስልኩ ወዴት ይዞር ነበር? ደብዳቤዎ ዝም ይላል።

እንግዲህ ነገሩን ከእህትዎ ወገን ሆነን እንየው። እናታችሁ አልጋ ላይ በቆየችባቸው ስድስት ዓመታት ያየችው የእናቷን ፊት፣ ትራሱንና ግድግዳውን ነው፤ እርስዎ ከስልኩ ጀርባ ያሉ ድምፅ ነበሩ። ቤይሩት ሱቅ ገብታ «ለእታለም» ብላ ቀሚስ ስትመርጥ በልቧ የነበረችው፣ ስትሄድ የሸኘቻት የ29 ዓመት ሴት ናት። ሻንጣው ውስጥ ያሉት ልብሶች ሁሉ ልክ ናቸው፤ ልካቸው ግን ለእህትዎ ትዝታ ነው። በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ ቀንሳ፣ ምናልባትም ለዓመታት አንድ አንድ እያለች የሰበሰበችውን ልብስ ከፍታ አንዱም አለመሆኑን ስታይ እርሷም ሳትደነግጥ አልቀረችም። «ግድ የለም» ብላ ይዛዎት መውጣቷን እኔ የማነበው እንደ ንቀት አይደለም። ያመለጣትን ዘመን በአንድ ቀን ገበያ ልታካክስ የቸኮለች ሰው ናት፤ ችኮላውም ድምፅ አስጮኻት።

ቀጥሎ የምለው ደስ ላይልዎት ይችላል፤ ቢሆንም ልሸፍነው አልፈልግም። እህትዎ ስላላወቀችዎት አዝነዋል፤ እንዳታውቅዎት ያደረጉት ግን በአብዛኛው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ወቀሳ እንዳይመስልብዎት እለምናለሁ፤ ሰውነቱ የተለወጠበት ሰው መደበቁ በምክር ክፍሌ ውስጥ በየጊዜው የማየው ነገር ነው። መደበቅ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ያ ዕረፍት ግን የራሱ ዋጋ አለው። ልብስ በሰው ባስገዙ ቁጥር የዚያን ቀን ጭንቀት ቢያመልጡም፣ ሱቁ ከሚፈሩት በታች መሆኑን የሚያዩበት ዕድልም አብሮ ያመልጥዎታል፤ ፍርሃቱም ሳይፈተን ይከርማል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ መደበቅ እንግዳንና ዘመድን አለመለየቱ ነው። የመንገዱ ሰው እንዳያይዎት ያደረጉት ሁሉ የምትወድዎትም ሴት እንዳታይዎት አድርጓል። ማንም ባልተለወጠ አሮጌ መልክ ሲወደድ ፍቅሩ አይሞቀውም፤ «ብታየኝስ ምን ትል ነበር?» የሚለው ጥርጣሬ ሁልጊዜ በመካከል ይቆማልና። እህትዎ ያቺን የሱቅ ቃል ባትናገር ኖሮ እንኳ፣ ጥርጣሬው ሌላ ምክንያት ፈልጎ መውጣቱ የሚቀር አይመስለኝም።

የእናታችሁ ነገርም አለ። ስድስት ዓመት በአንዲት ሐረግ አልፏል። አስታማሚዋ ማን እንደነበረች አልጻፉም፤ በአልጋው አጠገብ ስልኩን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ ግን ለማወቅ አያዳግትም። ስትሮክ የመታውን ሰው ማገላበጥ፣ ማጉረስና ማጠብ፣ በየሌሊቱ ሁለት ሦስቴ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። እንቅልፍ ለረጅም ጊዜ ሲጎድል የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ አስታማሚም የራሱን ገበታ በሰዓቱ አይቀርብም፤ ከበሽተኛው የተረፈውን ቆሞ ይጎርሳል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገር ግን ሰውነትዎ የተለወጠው በእነዚያ ዓመታት ይመስለኛል። ግምቴ ልክ ከሆነ፣ መስታወቱ ፊት የሚያፍሩበት ሰውነት እናታችሁን ስድስት ዓመት ያነሣና ያስተኛ ሰውነት ነው፤ እርስዎም ከእህትዎ የሚሹት ይቅርታ ስለ «ሰፋ ያለ» ሳይሆን «እኔ ብቻዬን ስሸከም አንቺ የት ነበርሽ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በቀሚስ ምክንያት ሲጠየቅ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

እህትዎም ከዚሁ ጥያቄ ማዶ የራሷን ሐዘን ይዛ ተቀምጣ ይሆናል። በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ «እናቴ ሞተች» ብሎ በማግስቱ መሳፈር ለብዙዎቹ የሚቻል አይደለም። በቀብር ላይ እንዳልነበረች ከጻፉት እገምታለሁ። ከመጣች በኋላስ እርሟን አውጥታለች? ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ አብሯት አልቅሷል? በአገራችን ከሩቅ ለመጣ ሐዘንተኛ ይህ የሚደረገው በከንቱ አይደለም፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የቆመበትን ቦታ የሚያገኘው እዚያ ነው። የደብዳቤዎ ሁለት ወር ገደማ ታሪክ በሻንጣ ጀምሮ በሱቅ ያበቃል፤ ለቅሶ የለበትም። ልቅሶው ተደርጎ እርስዎ ሳይጽፉት ቀርተው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካልተደረገ ግን፣ እናንተ ሁለታችሁ ልብስ መግዛት የነበረባችሁ ከዚያ በኋላ ነበር።

ስለዚህ «እንዳዋረደችኝ እንዴት ላስረዳት?» ለሚለው፣ በእርሱ ባይጀምሩ እመርጣለሁ። ከቻሉ በስልኩ ይጀምሩ፤ «በኢሞ ለምን ፊቴን እንዳላሳየሁሽ ልንገርሽ» ብለው ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ እንግዳ በሌለበት ቀን ቢነግሯት፣ የሱቁ ቃል በኋላ ሲነሣ ክብደቱ ሌላ ይሆናል። እህትዎ ልታለቅስ፣ ልትቆጣ ወይም ዝም ልትል ትችላለች፤ የመጀመሪያው ንግግር ካልሰመረ ጥቂት ቀን ይታገሡ። ልብሱን በተመለከተ፣ ጊዜው ካልረፈደ የአበሻ ቀሚስዎን ልብስ ሰፊ ዘንድ በዛሬው ልክዎ ተለክተው ያሰፉ፤ ቢቻል እህትዎ አብራዎት ትሂድ። «ስቀንስ እለብሰዋለሁ» ተብሎ የሚገዛ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከመውቀስ ሌላ ጥቅም የለውም።

ጾሙ የነቢያት ጾም ነው፤ ሥርዓቱን በሚመለከት ንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እኔ የምለው፣ ለልብስ ሲባል በቀን አንዴ ብቻ መብላት አብዛኛውን ጊዜ ለገና በሚበዛ መብላትና በባሰ ጸጸት ይጠናቀቃል። ክብደቱ ጤናዎንም የሚያሳስብዎት ከሆነ የስኳር፣ የደም ግፊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያድርጉ፤ አስታማሚ ሆነው በቆዩባቸው ዓመታት ለራስዎ ሐኪም ዘንድ የሄዱ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ላይ ቆሞ የተሰጠ ግምት ነው፤ ፊት ለፊት ብንነጋገር ምናልባት ግማሹን አስተካክለው ይሰጡኝ ነበር። ሐዘኑ ከብዶ እንቅልፍ የሚነሣዎት፣ ከቤት መውጣት የሚያስጠላዎት ወይም ተደብቀው የሚበሉ ከሆነ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው ቀርበው ያማክሩ። እህትዎ ፈቃደኛ ከሆነች አብራችሁ ብትቀርቡ የተሻለ ነው፤ ካልሆነች ብቻዎን ይጀምሩ። ወደ ቤይሩት የምትመለስበትን ቀን አልጻፉልኝም፤ ይጠይቋትና ቀጠሮው ከዚያ አስቀድሞ እንዲሆን ያድርጉ።