መልስ፦ መኖ ስቀላቅል ውዬ ማታ ለምን ያንቀጠቅጠኛል?

ወንድሜ፣ የላሞቹን ፋጉሎና ድርቆሽ ስትቀላቅል ውለህ ማታ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ደረቅ ሳል እየተመላለሰብህ "ጉንፋን ይሆን?" ብለሃል። እኔ የምጠረጥረው መኖውን ነው። የሻገተ ድርቆሽ ሲራገፍ የሚቦነው ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል፤ ሕመሙ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚጀምር ሰው ከሥራው ጋር አያያይዘውም። ሲደጋገም ሳንባ ላይ የማይሽር ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ እባክህ አትናቀው። ሐኪሙ ባይጠይቅህም ሥራህን ንገረው፤ በቀላሉ ከሳንባ ምች ጋር ይምታታል።

የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ለብቻው ያሰጋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተመረመረ ወተትና መኖ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ ኑግ ፋጉሎው ላይ መጠኑ ከፍተኛ ነበር። አቧራው መርዙን ይዞ ወደ አፍንጫህ ይገባል። ሻሽ አይበቃም፣ ፊት ላይ ልክ የሚል ኤን 95 ጭምብል አድርግ። ስትቀላቅል ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን፤ የሻገተውን ለላሞቹም አትስጥ።