መልስ፦ ቮይስ ሞጁሌ ለምን ከቅኝት ይወጣል?

አብሽር ወንድሜ፣ የሲንቴሳይዘርህ (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው መሣሪያ) ቮይስ ሞጁል፣ ማለትም ድምፁን የሚያወጣው ክፍል፣ አልተበላሸም። «ጠዋት እንደከፈትኩ አምባሰል እቃኛለሁ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይሸሽብኛል» ያልከው የደሴ ብርድ ሥራ ነው። አናሎግ ኦሲሌተር (ቃናውን የሚያመነጨው ዑደት) ሙቀት ይሰማዋል፤ በብርድ ተነስቶ ሲሞቅ ቃናው ይንሸራተታል። እኔም ኮምቦልቻ ሳለሁ ብዙም አላስቸገረኝም፣ ደሴ ስወጣ ነው የጀመረኝ። ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል ተወው፣ ከዚያ ቃኝ።

ሌላ ሞጁል ስትጨምር ግን ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀል። ለሞጁሉ ኃይል የሚያደርሰው ጠፍጣፋ ገመድ ቀይ ጠርዝ -12 ቮልት ከተጻፈበት ጎን ይዋል። አንዴ በችኮላ ገልብጬ ሰክቼ ቺፑ ሲቃጠል ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እስካሁን አይረሳኝም።

ከሞቀ በኋላም ላይኛው ኦክታቭ ዝቅ ካለብህ፣ ችግሩ ሚዛኑ ነው፤ ቮልቱና ኦክታቩ በልኩ አልገጠሙም። የቃና መግቢያው በኦክታቭ 1 ቮልት ስለሚቆጥር ግማሽ ቃና 83 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ጥቂት ስህተት ወዲያው ይሰማል። አንድ ኖታ ከታችና ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብለህ እያፈራረቅህ ትሪመሩን (ትንሿን ማስተካከያ ብሎን) በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በዝግታ አዙር።

ለአምባሰል ኳንታይዘሩ (ቃናውን ወደ መረጥካቸው ኖታዎች የሚያስጠጋው ሞጁል) ላይ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞልን ብቻ ክፈት። እኔ ብሆን ግን ጭራሽ አጠፋዋለሁ። የማሲንቆ ጣት ፒያኖ ቁልፍ ላይ አያርፍም፤ የሲንቴሳይዘሩ ትልቁ ጸጋም በቁልፎቹ መሃል መግባቱ ነው። የክራር ምት ከፈለግህ አታኩን (ድምፁ የሚነሳበትን ጊዜ) ዜሮ፣ ዲኬዩን (የሚከስምበትን ጊዜ) አጭር አድርግና ይህን የድምፅ መነሳትና መክሰም የሚመራውን ኤንቨሎፕ የድምፁን ጥራት ወደሚቀርጸው ፊልተርም ላከው።