ጋሼ፣ ስንት ልቁጠር?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ ወደሚሠራ አንድ ጂ ፕላስ ሦስት ሕንፃ ጎራ አልኩ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ካለኝ ወዲህ ሰው ሲሠራ ቆሜ ማየት ሆኗል ሥራዬ። አንድ ልጅ የፒፒአር ማሽን ፊቱ አስቀምጦ ቁጢጥ ብሏል። አለቃው ምሳ ወጥቷል። ልጁ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ስንት ልቁጠር?" አለኝ።

"አለቃህ ሲመጣ ጠይቀው" ብዬው ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። አርባ ዓመት በሳኒተሪ ሥራ ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ያንኑ ደገምኩት።

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ፒፒአር አሁን በየቤቱ የሚገባው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ነው። በሙጫ አይያያዝም፣ እንደ ድሮው ብረት ጥርስ አይወጣለትም። ማሽኑ ቧንቧውንና መገጣጠሚያውን ያቀልጣቸዋል፤ ወዲያው አንዱን ሌላው ውስጥ ትከታለህ፤ አንድ አካል ይሆናሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው ቆጠራው ላይ ነው፤ ማሽኑ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ። ካነሰ ያፈሳል። ከበዛ ደግሞ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ያብጥና የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል።

በ2003 ዓ.ም. አንድ የኮጪ ሰፈር ልጅ ረዳቴ ነበር። አባቱ ያንን የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፍላል። ልጁ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ አንዱን በርጩማ ተሸክሞልኝ መጣ። "ጋሼ፣ ዝቅ ብለው ሲሠሩ ወገብዎን እንዳያምዎ" አለኝ።

ሁለት ዓመት አብሮኝ ቆየ። ግድግዳ ይቦረቡራል፣ ቧንቧ ይሸከማል፣ ይቆርጣል፣ ሲጋራ ይገዛልኛል። ማሽኑን እኔ ስይዝ ግን ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ሆን ብዬ። ድሮ ጮክ ብዬ ነበር የምቆጥረው፤ እሱ ከመጣ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን ቀና ስል ከንፈሬን እያየ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ከንፈሬንም ገጠምኩ። "ስንት ነው የሚቆጥሩት?" ሲለኝ "ዓይንህ ይነግርሃል" እለዋለሁ። ሲሰማ ትልቅ ጥበብ ይመስላል። ውሸት ነው። ዓይን ምንም አይነግርም።

ፈርቼው ነው። እጁ ፈጣን ነበር። ነገ ቁጥሩን ይዞ ይወጣና በግማሽ ዋጋ ሥራዬን ይወስድብኛል ብዬ ሰጋሁ።

እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እውነትም ነው። የኔ አለቃ ሙያውን ፈረንጅ አራዳ ከነበረ አንድ ጣልያን የቀሰመ ሰው ነው። ጎሚቶ (ጥምዝ መገጣጠሚያው)፣ ማኒኮቶ (ቀጥታ ማያያዣው)፣ ካናፓ (እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ጭረት) የሚሉትን ቃላት ከሱ ወረስኩ። ጣልያን አምስት ዓመት ገዝቶ ሄደ፤ ቃሉ ይኸው ሰማንያ ዓመት አልፎት ዛሬም በየሳይቱ አለ። ታዲያ ያ አለቃዬ ካናፓውን ጥርሱ ላይ ሊጠመጥም ሲል "ሂድ ሻይ አምጣ" ይለኛል። ሁልጊዜ! ወዴት አቅጣጫ እንደሚጠመጠም ያወቅኩት ማታ ተደብቄ የሱን ሥራ ፈትቼ ነው። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር፣ ለኔም ይተርፈኝ ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሐምሌ ነበር፤ የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። የአንድ ሰው መኖሪያ ቤት እየጨረስን ሳለ አጋሮ ለቅሶ ደረሰብኝ። ባለቤቱ ቸኩሏል፤ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ በሱ ወጪ አልጋ ይዞ ይጠብቃል። የቀረው የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው። ለልጁ "አንተ ጨርሰው" አልኩትና ሄድኩ።

ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ማሽኑ ሞቋል፤ ስንት ልቁጠር?" አለኝ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። "አይሰማኝም፣ ኔትወርክ የለም" ብዬ ዘጋሁት።

ኔትወርክ ነበረ።

ስመለስ የግፊት ሙከራ አደረግን። በእጅ ፓምፕ 10 ባር ሞልተን አሳደርነው፤ ጠዋት ስናየው ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ጎበዝ አልኩት። ከልክ በላይ የቀለጠ መገጣጠሚያ እንደማያፈስ ያኔ አላሰብኩትም። ይዘጋል እንጂ አያፈስም፤ ሙከራው አያጋልጠውም። ሴራሚኩ ተነጠፈ። ጣሪያ ላይ ታንከር ወጣ። ሻወሩ ሲከፈት ውሃው ከጀበና እንደሚቀዳ ቡና ቀጥኖ ወረደ። የላይኛው ፎቅ ለታንከሩ ቅርብ ስለሆነ ግፊቱ መጀመሪያውኑም ትንሽ ነው፤ ትንሽ ጥበት እንኳ ያሳብቃል።

አሥራ አንድ ሴራሚክ ሰበርን። አንዱን ጎሚቶ ቆርጬ በብርሃን አየሁት። ቀዳዳው እስክሪብቶ አያሳልፍም።

ባለቤቱ "ማነው ይሄን የሠራው?" አለ።

"ረዳቱ ነው" አልኩ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ደውዬለት ነበር አላለም። የሴራሚኩንም ዋጋ ከደሞዙ ቆረጥኩ፤ እሱንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። በማግስቱ አልመጣም። ማሽኑን ወልውሎ፣ ቁልፎቹን በየመጠናቸው ደርድሮ ነው የሄደው። በርጩማው እኔ ጋ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሃያ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አገኘሁ። ሁለተኛ ማሽን የሚይዝ ሰው በከተማው አጣሁ። ከአዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለት ልጆች አስመጣሁ። የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የምግብ ከፈልኩ። ትርፍ የሚባል አልቀረኝም። በየጠዋቱ ወደ ሳይት ስሄድ የጅማ መርካቶ አካባቢ አካፋ ይዞ ሥራ የሚጠብቅ ጎረምሳ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ዛሬም "ሙያተኛ ጠፋ" የሚል ኮንትራክተር ስሰማ መሬት መሬቱን አያለሁ።

አሁን ለናንተ፣ ሙያ ለምትለማመዱ ልጆች። ሰዓት አክብሩ፣ አትስረቁ የሚለውን እናታችሁ ነግራችኋለች፤ አልደግመውም።

የዘንድሮ ልጅ ትዕግሥት የለውም። ሦስት ወር ሳይሞላው "ሰብ ኮንትራት ስጠኝ" ይላል። አንድ ጎሚቶ አጋጥሞ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ሙያ በስልክ አይገኝም እል ነበር። ከዚያ አንድ የመንደራችን ልጅ ዩቲዩብ ብቻ አይቶ የእናቱን ወጥ ቤት ቧንቧ ሲዘረጋ አየሁት። ፈልጌ ፈልጌ እንከን አጣሁበት። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

የሙያ ኮሌጁ ሥልጠና ከመቶ ሰባ እጁ ሥራ ቦታ ይሁን፣ ሠላሳው ክፍል ውስጥ ተብሏል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሰባውን አካፋ ይዘህ ከዋልክ ወረቀቱ ላይ የሚፈረምልህ ምንድን ነው? ስለዚህ አፋችሁን አውጥታችሁ "ዛሬ አንዱን እኔ ላጋጥም" በሉ። በተቆራረጠ ትርፍ ቧንቧ ይሁን። አጋጥሙና መሐሉን በመጋዝ ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ፤ ያኔ እንኳ ዓይን ይነግራል። አለቃ ቶሎ ቶሎ አትቀያይሩ። ዓመት ሙሉ ማሽን ካላስነካችሁ ግን ጥላችሁት ውጡ። የኮጪው ልጅ ጥሎኝ መሄዱ ደግ አደረገ፤ ሆሳዕና ከተማ ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ። ስልኩን አግኝቻለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።

የቦሳ አዲሱ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ፤ መብራቱ ሳያሳይህ አትጀምር። ለ20 ሚሊ ቧንቧ 5 ሰከንድ። ለ25 ደግሞ 7። ለ32፣ 8። ስታወጣው ቀጥ አድርገህ ክተተው እንጂ አትጠምዝዘው። ሃያውንና ሃያ አምስቱን ሁለት ደቂቃ አትንካቸው፣ ሠላሳ ሁለቱን አራት። አለቃህ ከምሳ ተመልሶ ማን ነገረህ ቢልህ፣ ያ ባለ በርጩማው ሽማግሌ በለው።